«ሳያዩ የሚያምኑ» የተባሉት ማስረጃ የሚጥሉ ናቸውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አባቴ የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸው። «በጸሎት ተፈውሻለሁ» ብለው መድኃኒታቸውን ካቆሙ ሁለት ወር ሆናቸው። ለክቼ 170 በ100 መሆኑን ባሳያቸው፣ «ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው፤ አንቺ ቶማስ ሆንሽብኝ» ብለው ዘጉኝ። ወንድሞቼም «በአባባ እምነት አትግቢ» ይሉኛል። መከራከሬ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ኃጢአት የለብሽም። አባትሽ ግን በዚህ ሳምንት ሐኪም ሊያያቸው ይገባል፤ የቀረው ንግግር ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ጌታ እንደሚፈውስ ለአንቺም ለአባትሽም ማስረዳት አያስፈልገኝም። የምቆመው በጠቀሱት ቃል ላይ ነው፤ ይህን ጥቅስ ጋሻ አድርገው የሚመጣባቸውን ማስረጃ ሁሉ የሚመክቱበት ምእመናን ብዙ ናቸውና። ምዕራፉን ከፍ ብለሽ አንብቢ። ጌታ ከተነሣ በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ ሲገለጥ፣ ማንም ሳይጠይቀው እጆቹንና ጎኑን አሳያቸው (ዮሐ. 20፥20)። ቶማስ ያን ዕለት አልነበረም። እርሱ ልይ ያለው የጌታን ቁስል ነው፤ ባልንጀሮቹም አስቀድመው ያዩት ይህንኑ ነበር። ከስምንት ቀን በኋላ ጌታ መጥቶ «ጣትህን አምጣ» አለው እንጂ አላባረረውም። ከዚያ ዝቅ በዪ። «ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው» ከተባለ ከሁለት ቁጥር በኋላ ወንጌላዊው «ታምኑ ዘንድ ይህ ተጽፎአል» ይላል። እንግዲህ ሳያዩ ያመኑት ያየ ሰው የመሰከረላቸው ናቸው፤ እኛም ከእነርሱ ነን። ምስክር ተቀብሎ ማመን ሌላ ነው፣ ምስክር ሲመጣ ጆሮን መድፈን ሌላ ነው።

ዘሌዋውያን 13ንም አብራችሁ ክፈቱ። ካህኑ የቆዳውን ምልክት አይቶ መለየት ካቃተው ሰውየውን 7 ቀን ያቆየዋል፤ በ7ኛው ቀን ያየዋል፤ ካልሰፋም ሌላ 7 ቀን ጨምሮ እንደገና ያየዋል። «ንጹሕ ነው» የሚለው ከዚህ በኋላ ነው። «እምነት ካለው ለምን ይመረመራል?» ያለ የለም። ጌታችንም አሥሩን ለምጻሞች «ሂዱ፥ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» አላቸው፤ ሲሄዱም ነጹ (ሉቃ. 17፥14)። ፈዋሹ ራሱ ፈውሱን ወደሚያጣራ ሰው ነው የላከው።

ስለ አባትሽ ደግሞ አንድ ነገር አስቢ፤ «ተሻለኝ» ሲሉ አልዋሹ ይሆናል። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሰማ የሚኖር ሕመም ነው። አንዳንዱ መድኃኒት ራሱ ድካም ወይም ማዞር ስለሚያመጣ፣ ሲተዉት ሰውነት ቀለል ይላል። ያን ቅለት ፈውስ ብለው ቆጥረውት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ምንም አልተሻለዎትም» ብለሽ አትጀምሪ። እሳቸው የተሰማቸውን ነው የሚናገሩት፣ አንቺ የምትናገሪው ስለ ቁጥሩ ነው፤ ሁለታችሁም እውነት እየተናገራችሁ መግባባት ያቅታችኋል።

ሌላው ስሕተት ቦታው ነው። ቁጥሩን በወንድሞችሽ ፊት ካሳየሻቸው፣ የሰሙት «ጸሎትህ አልተሰማም» የሚል ነው። ያን ጊዜ የሚከላከሉት እምነታቸውን ነው፤ ስለ ግፊቱ ማሰቡም ይቀራል። ጵርስቅላና አቂላ አጵሎስን ሲያርሙ ወደ ራሳቸው ወስደው ነው የገለጡለት (ሐዋ. 18፥26)። ብቻቸውን ያዣቸው። መጀመሪያ ጠይቂ፦ «አባባ፣ እንደተፈወሱ ያወቁት በምንድን ነው?» እስኪጨርሱ አታቋርጪ። ከኢንተርኔት ያነበብሽውን አሥር ነገር አትደርድሪባቸው፤ ከአሥሩ ደካማውን መርጠው ያፈርሱታል፣ ዘጠኙም አብሮ ይወድቃል።

ከዚያ ገና ሳትለኩ ተስማሙ። ቁጥሩ ከታየ በኋላ የሚደረግ ክርክር ማለቂያ የለውም፤ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ይመጣል፣ «ዛሬ አስቆጥታችሁኝ ነው» ይመጣል። «አባባ፣ ቁጥሩ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ የሚያዝዙትን ይወስዳሉ?» በያቸው፤ የመሣሪያው ነገር እንዳያከራክርም ሐኪሙ ጋ ያለውንም ጨምሩ። ሲለኩ ቡና ከጠጡ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይለፍ፤ ጀርባቸውን አስደግፈው 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ክንዳቸው በልብ ትይዩ ይረፍ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ ይለካ። ቁጥሩን ራሳቸው ያንብቡት፣ በራሳቸው እጅ ይጻፉት። ቀጠሮው እስኪደርስ የተጻፈውን ይዘው ይሂዱ እንጂ ለመለካት ሲባል ቀጠሮው አይዘግይ። አንቺም በቃልሽ ትታሰሪያለሽ፦ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከተገኘና ሐኪሙ «መድኃኒቱ ይቀነስ» ካሉ፣ ደስ ብሎሽ ተቀበዪ። የአንዱን ወገን ብቻ የሚያስር ስምምነት ወጥመድ ነው፤ አባትሽም ያውቁታል።

መመለሻ መንገድም ተዪላቸው። ለምጻሙ የሶርያ ጦር አለቃ ንዕማን፣ ነቢዩ ኤልሳዕ «በዮርዳኖስ ታጠብ» ቢለው ነገሩን ንቆ ተቆጥቶ ሲመለስ፣ አገልጋዮቹ «ተሳስተሃል» አላሉትም፤ «አባት ሆይ፣ ነቢዩ ታላቅ ነገር ቢነግርህ ባደረግኸው ነበር» አሉት (2ኛ ነገ. 5፥13)። አንቺም «እግዚአብሔር ከባድ ነገር ቢያዝዎት እሺ የሚሉ ሰው ነዎት፤ ይህቺ ክኒን ታንሳለች» በያቸው። መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ሲራክ 38፥4 ላይ አለ፤ ራሳቸው ያንብቡት። ጸሎታቸውን አንድ ቀን እንኳ አታስቀንሺ። መድኃኒቱን ሲጀምሩም «አላልኩም?» የምትለው ቃል ከአፍሽ አትውጣ።

ለወንድሞችሽ የምለው አጭር ነው፦ እኅታችሁ የገባችው በደም ግፊቱ ነው። «መድኃኒት አቁሙ» ብሎ ያዘዛቸው ሰው ካለ ደግሞ ነገሩን ለንስሐ አባታቸው አድርሱ፤ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ በዝምታ ማለፍ አይገባም።

እንቢ ካሉም መድኃኒቱን ፈጭተሽ በምግብ ውስጥ አትደብቂባቸው፤ ይህን የሚያደርጉ አሉ። በድብቅ እየሰጠሻቸው እሳቸውም ሐሳባቸውን ቀይረው ራሳቸው ቢጀምሩ መጠኑ እጥፍ ይሆናል፤ ከታወቀብሽም ቀጥሎ የምትናገሪውን ሁሉ አያምኑሽም። ጥቂት ቀን ቆይተሽ እንደገና ጠይቂያቸው፤ የሚሰሙት ሌላ ሰው ካለም እሱን ላኪ። እስከዚያው ግን አፋቸው ከተንሻፈፈ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ደረታቸውን ከጨነቃቸው ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከያዛቸው፣ ክርክሩን ትተሽ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።