ሰፈሩን ማክሰኞ ጧት ሳያዩ ቀብድ አይክፈሉ

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 48 ዓመትዎ ነው፣ ሥራዎ ወደ ትልቅ ከተማ ተዛውሯል፣ ባለቤትዎ፣ የ14 ዓመት ልጅዎና እናትዎ አብረው ይሄዳሉ። መሀል ከተማው ስለማይቀመስ ሦስት የዳር ሰፈሮችን እሑድ ዕለት ዞረው አዩ፤ ሁለተኛው ደስ አላችሁ፤ ደላላው «ከሥራ ቦታዎ 30 ደቂቃ ነው» አለ፤ በዚህ ሳምንት እዚያ ቤት ለመግዛት ቀብድ ልትከፍሉ ነው። እባክዎ ቀብዱን ለጊዜው ያቆዩት። ሰው በብዛት የሚጎዳው እዚህች ቦታ ላይ ነውና ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ።

1. የደላላውን 30 ደቂቃ ይርሱት። እሱ የሚቆጥረው መንገዱ ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ በመኪና፣ ከሰፈሩ መግቢያ እስከ ከተማው መግቢያ ያለውን ነው። የእርስዎ ጉዞ የሚጀምረው የቤትዎን በር ሲቆልፉ ነው፤ የሚያበቃውም ሥራ ቦታ ወንበርዎ ላይ ሲቀመጡ። ስለዚህ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሊገዙት ካሰቡት ቤት ደጃፍ ይቁሙና ሰዓት ይያዙ። ሰኞና ዓርብ የመንገዱ ጠባይ ስለሚለያይ ለመነሻ አይሆኑም። ትምህርት ቤት ዝግ የሆነበት ሳምንትም አይሆንም፤ ያን ጊዜ መንገዱ ያታልላል።

ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ ይጻፉት፦ እስከ ፌርማታ በእግር ስንት ደቂቃ፣ ቆሞ መጠበቅ ስንት፣ ተሳፍሮ መሄድ ስንት፣ መኪና መቀየር ካለ ሁለተኛው ጥበቃ ስንት፣ ከወረዱ በኋላ በእግር ስንት፣ ፍተሻና ሊፍት ስንት። በራስዎ መኪና ከሆነም የማቆሚያ ቦታ ፍለጋውንና ከማቆሚያው እስከ ቢሮ ያለውን እርምጃ ይጨምሩ። 30 ደቂቃ የተባለው 55 ወይም 60 የሚሆነው በእነዚህ ትንንሽ ቁርጥራጮች ነው።

አንድ ቀን ለክቶ መተውም አይበቃም። ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን ይለኩ፤ ከነዚያ ውስጥ አንዱ ዝናብ የሚጥልበት ይሁን። ሲጨርሱ ታዲያ አማካዩን አይውሰዱ። አራት ቀን 55 ደቂቃ ፈጅቶ አንድ ቀን 85 ከፈጀብዎ፣ የእርስዎ ጉዞ 85 ነው፤ በ55 ሒሳብ ከተነሱ በየሳምንቱ አንድ ቀን ያረፍዳሉ።

ሒሳቡን ልሥራልዎ። ከጠበቁት በላይ በአንድ አቅጣጫ 25 ደቂቃ ቢጨመር፣ ደርሶ መልስ 50 ደቂቃ ነው። በዓመት 220 የሥራ ቀን ቢሠሩ 183 ሰዓት ይሆናል፤ ስምንት ሰዓት ባለው የሥራ ቀን ሲካፈል 23 ቀን ገደማ ማለት ነው። ያለ ደመወዝ መንገድ ላይ የሚያልፍ አንድ የሥራ ወር። ብሩኖ ፍራይና አሎይስ ሽቱትሰር የተባሉ ኢኮኖሚስቶች የጀርመን ቤተሰቦችን መረጃ ሲመረምሩ፣ ረጅም የሚጓዙ ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝተውታል፤ የተሻለው ቤትም ሆነ የተሻለው ደመወዝ የመንገዱን ድካም ሙሉ በሙሉ አልካሰላቸውም። ሰው ቤቱ ሲሰፋለት ይለምደዋል። መንገድ ግን በየቀኑ ስለሚለዋወጥ አይለመድም።

የማታውንም ለብቻው ይለኩ፤ የጧቱ ግልባጭ አይደለም። ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ከቢሮዎ ተነስተው ይሞክሩት። በአውቶቡስ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ሰፈሩ የመስመሩ መነሻ ነው ወይስ መሀል ላይ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ከመነሻው የሚሳፈር ወንበር ያገኛል። አራተኛው ፌርማታ ላይ የሚጠብቅ ሰው ግን ሁለት አውቶቡስ ሞልቶ ሲያልፈው ቆሞ ያያል፤ ሦስተኛው ሲቆምለትም 50 ደቂቃ ብረት ይዞ ይቆማል። በ25 ዓመት ይህ ምንም አይደለም። በ48 ግን ጉልበትና ወገብ ይናገራል፣ በ58 ደግሞ ይጮኻል። መነሻው አጠገብ ያለው ሰፈር በአምስት ኪሎ ሜትር ቢርቅ እንኳ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

መኪና ለሚነዳ ደግሞ ፀሐይ አለች። ከከተማው በስተምዕራብ የሚኖር ሰው ጧት ወደ ምሥራቅ ሲነዳ ፀሐይ ትወጣበታለች፤ ማታ ወደ ምዕራብ ሲመለስ ትጠልቅበታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ፊት ለፊት። በስተምሥራቅ የሚኖረው ሁለቱንም ጊዜ ከኋላው ያደርጋታል። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ ብርሃንን መበተን ይጀምራል፤ ከነጸብራቅ በኋላ ዓይን ጠርቶ እስኪያይም ጊዜ ይወስዳል። ከሦስቱ ሰፈሮች ሁለቱ በሌላው ነገር እኩል ከሆኑብዎ የምሥራቁን ይያዙ።

2. ስንት መኪና እንደሚያስፈልጋችሁ ቁጠሩ። ከመሀል ከተማ የራቀ ቤት ርካሽ የሚመስለው ሁለተኛው መኪና ሳይታሰብ ነው። የቤቱን ወርሃዊ ክፍያ፣ ነዳጁን፣ ጥገናውን፣ ኢንሹራንሱን፣ የአውቶቡሱንና የማቆሚያውን ወጪ አንድ ላይ ይደምሩ። የቤትና የትራንስፖርት ወጪ አንድ ላይ ከገቢ 45 በመቶ እንዳያልፍ የሚመክሩ አሉ፤ እኔ ልጅና እናት ላለበት ቤት 40 ላይ ማቆም ይሻላል ባይ ነኝ። የ14 ዓመት ልጅዎ በእግሩ ወይም በአውቶቡስ ብቻውን ትምህርት ቤትና ጓደኞቹ ጋ መድረስ ከቻለ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከሹፌርነት ይድናል። ካልቻለ የሚቀጥሉትን አራት ዓመታት ቅዳሜም እሑድም መሪ ጨብጣችሁ ትከርማላችሁ። ትምህርት ቤቱን በተመለከተ በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ብዙ አይድከሙ። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ላይ ቦታ መኖሩን ብቻ በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ብዙ ቦታ ታች ክፍሎች ክፍት ሆነው እነዚህ ሞልተው ይገኛሉ።

3. እናትዎ። ሰፈሩ ውስጥ «ሆስፒታል አለ» ሲባሉ ምን ዓይነት እንደሆነ በአካል ሄደው ይዩ። መጠየቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ድንገተኛ ክፍሉ 24 ሰዓት ሐኪም አለው? የአንጎልን ምስል የሚያነሳው ሲቲ ስካን ሌሊትም ይሠራል? አምቡላንሱ ከየት ይነሳል? በደም መርጋት ለሚመጣ ስትሮክ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ይመስላል። ነገር ግን ምልክቱን ማወቅ፣ መኪና ማግኘት፣ መንገዱ፣ ምርመራውና የደም ውጤቱ ሁሉ የሚቆረጠው ከዚያው ውስጥ ነው፤ በመሀሉም በየደቂቃው የአንጎል ሕዋስ ይሞታል። ስለዚህ ከቤቱ እስከዚያ ሆስፒታል ያለውን መንገድ ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ መጨናነቁ በከፋበት ሰዓት፣ በመኪና ይለኩት። ከ30 ደቂቃ ካለፈ ለእናትዎ ሲሉ ያንን ሰፈር ይተዉት። በዚህኛው ላይ አልደራደርም።

ቤቱም ራሱ ያው ነው። መኝታ ክፍልና መጸዳጃ ከመሬት ወለል ላይ፣ ደረጃ ሳይወጣ የሚደረስባቸው መሆን አለባቸው፤ የበሩ ስፋትም ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር። ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ የሚፈቀደው ተዳፋት በ12 ሜትር 1 ሜትር ነው፤ 8 በመቶ ገደማ። ከፌርማታ እስከ ቤቱ ያለው 400 ሜትር በዚያ ልክ ሽቅብ ከሆነ 32 ሜትር ይወጣሉ ማለት ነው፤ ወደ 10 ፎቅ ይጠጋል፣ አስቤዛ ተሸክመው። ስልክዎ ላይ ያለውን የውኃ ልክ መተግበሪያ መንገዱ ላይ አስቀምጠው ያንብቡት፤ ዓይን ተዳፋትን በትክክል አይገምትም፤ አብዛኛውን ጊዜ አጋንኖ ያያል።

ቤቱ ውስጥ ሲገቡ ቀለሙንና ሴራሚኩን ትተው 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ይያዙ። ጧት 1 ሰዓት ላይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ውኃ በሚከፍትበት ሰዓት፣ የላይኛውን ወለል ሻወር እስከ መጨረሻው ይክፈቱና ባልዲው እስኪሞላ ሰዓት ይያዙ። በአንድ ደቂቃ ከሞላ ጥሩ ነው። ሁለት ደቂቃ ከፈጀ ግፊቱ ደካማ ነው፤ ፓምፕና ታንከር ያስፈልጋል። አራት ሰዎች በቀን በነፍስ ወከፍ 100 ሊትር ብትጠቀሙ፣ ውኃ ለሦስት ቀን ቢቋረጥ 1,200 ሊትር ትፈልጋላችሁ፤ የ1,000 ሊትር ታንከር አያደርሳችሁም። የ2,000 ሊትሩ ሲሞላ ውኃው ብቻ ሁለት ቶን ስለሚመዝን ባለሙያ ሳያይ ጣሪያ ላይ አይሰቀልም። ሰፈሩ የፍሳሽ መስመር ከሌለው የጉድጓዱን መጠን፣ መቼ እንደተመጠጠና የመምጠጫ መኪናው ደጁ ድረስ መግባት መቻሉን ይጠይቁ። ግቢው ውስጥ የጉድጓድ ውኃ ካለ ከፍሳሹ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ከሱም ሽቅብ በኩል መሆን አለበት።

ከባልዲው ቀጥሎ አጥሩን ይዩ። ግርጌው ላይ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ቀጥ ያለ ቡናማ መስመር ካለ፣ ከመስመሩ በታች ያለው ቀለም ካበጠ ወይም ከተላጠ፣ ውኃው እዚያ ድረስ ቆሞ ነበር። ሻጭ የቤቱን ግድግዳ ይቀባል፤ የጎረቤቱን አጥር ግን አይቀባም፣ ስለዚህ የጎረቤቱንም ይመልከቱ። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲባል በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ አይምሰልዎ። በየዓመቱ የ1 በመቶ ዕድል ያለው ማለት ነው፤ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ይሆናል። ከአራት ቤት አንዱ ማለት ነው።

ስለ ድምፅ አጭር ነኝ፦ ሌሊት 5 ሰዓትና ንጋት 11 ሰዓት ላይ መኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ለአሥር ደቂቃ ይቁሙ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመንገድ ድምፅ የሚመክረው የሌሊት ወሰን 45 ዲሲቤል ነው። ኢንተርኔቱንም ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ውስጥ ሆነው ይለኩት፤ ቀን ላይ የሚያዩት ፍጥነት ማታ ሁሉም ሰው ሲገባበት አይገኝም።

አሁን ወደ ፕላን ጽሕፈት ቤቱ። ደስ ያላችሁ ሰፈር ፊት ለፊቱ ባዶ ሜዳ ስላለው እንደሆነ ጽፈዋል። ሜዳው የእናንተ አይደለም፤ የሰፊ መንገድ፣ የመጋዘን ወይም የ12 ፎቅ ሕንፃ ቦታ ሊሆን ይችላል። ይህንን የሚያውቀው ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ መስኮቱ ላይ የሚቀመጠው ሠራተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ገና ሳይገዙ ምን አገባዎት?» ብሎ ይመልስዎታል። ይህ በጣም የሚያናድድ ነገር ነው፤ ሰው መጠየቅ ያለበት ሳይገዛ እንጂ ገዝቶ አይደለም። በቃል አይከራከሩ። የቦታውን ቁጥር ጠቅሰው ማመልከቻ ይጻፉ፤ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ በ500 ሜትር ዙሪያ ያለው መሬት ለምን አገልግሎት ተመድቧል፣ ከቤቱ ፊት ያለው መንገድ በፕላኑ ላይ ስንት ሜትር ስፋት አለው፣ በግቢው ላይ ወይም አጠገቡ የሚያልፍ የከፍተኛ ኃይል መስመር አለ ወይ። ሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱ፣ አንዱ ላይ ገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉ። ቁጥር ያለው ወረቀት መልስ ይጠየቅበታል፤ የቃል ጥያቄ ግን መስኮቱ ላይ ይቀራል። የዕዳና የዕገዳ ማጣሪያውንም ሻጩ በሚያመጣልዎ ወረቀት አይተኩት፤ ራስዎ ከመዝገቡ ያውጡት፣ ፊርማው በሚደረግበት ሳምንትም በድጋሚ ያጣሩት።

ከሁሉም የሚከብደው ስሕተት ግን የድሮውን ቤት ሸጦ በወሩ አዲስ መግዛት ነው። በ50 ዓመት አካባቢ ተሳስቶ ደግሞ መሸጥ እንደ 30 ዓመት አይደለም፤ ብድሩን ለመክፈል የቀረው የሥራ ዘመን አጭር ነው። የድለላ፣ የስም ማዛወሪያ ግብርና የዕቃ ማጓጓዣ አንድ ላይ ከቤቱ ዋጋ 8 በመቶ ቢሆን፣ ተሳስተው አንድ ጊዜ ሲመለሱ ሁለቴ ይከፍሉታል። ስለዚህ ሁለተኛው ሰፈር ውስጥ፣ ሊገዙት ባሰቡት መንገድ ላይ፣ ለ12 ወር ይከራዩ። የድሮውን ቤታችሁን አከራዩት እንጂ አትሽጡት። ውሉ ላይ ሁለት አንቀጽ ያስገቡ፦ ከስድስት ወር በኋላ በአንድ ወር ቅድሚያ ማስታወቂያ ያለ ቅጣት መውጣት እንደሚችሉ፣ ኪራዩም በ12 ወሩ ውስጥ እንደማይጨመር። አንድ ሙሉ ዓመት ያስፈለገው ዝናቡንም፣ ድርቁንም፣ ትምህርት ቤት የሚከፈትበትንም ወር እዚያው ሆነው እንዲያዩ ነው።

ደላላው «ሌላ ገዢ አለ፣ ነገ ይሄዳል» ይልዎታል። ይሂድ። የፊታችን ማክሰኞ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከዚያ ቤት ደጃፍ ይነሱና እያንዳንዱን ቁራጭ ጽፈው ይላኩልን፤ ከሌሎቹ ሁለት ሰፈሮች ቁጥር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠን እናየዋለን።