ቱርቦው እየፈጠነ ጥይቱ ለምን ይቆራረጣል?

ከፍኖተ ሰላም የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ የድሮ የካሴት ጌም ጆይስቲክ ፈተህ በ555 አይሲ (ምት የሚሰጥ ትንሽ ቺፕ) የቱርቦ ቁልፍ፣ ማለትም ተጭነህ ስትይዘው በራሱ ደጋግሞ የሚተኩስ ቁልፍ፣ ሠርተህለታል። ስትጫነው ግን አንዴ ይተኩሳል፣ አንዴ ዝም ይላል። አይሲ ብትቀይርም ያው ነው።

አይሲውን ተወው፣ ጤነኛ ነው። ጉዱ ያለው "104" የተጻፈበት ካፓሲተር ላይ ነው። 104 ማለት 0.1 ማይክሮፋራድ ነው። ከ1 ኪሎ ኦምና ከ47 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችህ ጋር ሲሆን በሰከንድ 150 ጊዜ ገደማ ይመታል። "ታዲያ ፈጣን አይደል?" ትለኝ ይሆናል። ችግሩም እሱው ነው። ጌሙ ጆይስቲኩን የሚያየው ለአንድ ምስል አንዴ ነው፤ ማሽኑ የሚሠራበት የቲቪ ስርዓት ፓል ከሆነ በሰከንድ 50፣ ኤንቲኤስሲ ከሆነ 60 ጊዜ። በመሀል ተጭነህ የለቀቅከውን አያውቅም። ማሽንህ ፓል ከሆነ ደግሞ 150 ለ50 እኩል ስለሚካፈል፣ ጌሙ ባየ ቁጥር ቁልፉን እዚያው ቦታ ላይ ያገኘዋል። ወይ እንደተጫነ፣ ወይ እንደተለቀቀ። ዝም የሚልብህ ለዚህ ነው።

1 ማይክሮፋራድ አስገባበት፣ ወደ 15 ይወርዳል። ለተኩስ ጌም ከበቂ በላይ ነው። በፓል ማሽን ከ25 በላይ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ካፓሲተሩን ከሞተ ሬዲዮ ቦርድ ላይ መንቀል ትችላለህ፣ ግን የቆየ ስለሚደርቅ ለካው። ኔጌቲቩ ወደ ግራውንድ ይዙር።

በላክኸው ስዕል ላይ ሌላም አየሁ። የ555ቱን 3ኛ እግር በቱርቦ ቁልፉ በኩል በቀጥታ ከኤ ቁልፍ መስመር ጋር አገናኝተሃል። ቱርቦውን ይዘህ ዋናውን ኤ ብትጫን 3ኛው እግር ከግራውንድ ጋር ሾርት ያደርጋል። መሀሉ ላይ 1ኤን4148 ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ጣል፣ ቀለበት ያለበት ጫፍ ወደ 3ኛው እግር።

ሽቦውን በጆይስቲኩ ቦርድ ላይ ከቁልፉ ስር ባለው ጥቁር የካርቦን ቅብ ላይ ለመበየድ አትልፋ፣ ሊድ አይዝም። ከቅቡ ወጥቶ የሚሄደውን መስመር ተከትለህ አረንጓዴውን ሽፋን በምላጭ ጫፍ ቀስ አድርገህ ፋቅ። ቀዩ መዳብ ብልጭ ሲል አቁም፤ ከዚያ ካለፍክ መስመሩን ትበጥሰዋለህ። መጀመሪያ መዳቡን ብቻ ሊድ አልብሰው፣ ሽቦውን ከዚያ አስጠጋ።

5 ቮልቱን ከጆይስቲኩ ገመድ ውሰድ። ቀለም ግን አትመን። በርካሾቹ ጆይስቲኮች ቀዩ ሽቦ ግራውንድ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ጌሙን አብርተህ በቴስተር ለካ።