23 ኪሎውን በምን ትሞሉታላችሁ?

ክረምት ሲመጣ ሐዋሳ ከውጭ አገር ለእረፍት በምትመጡት በእናንተ ትሞላለች። አሞራ ገደል ዓሣው ይበላል፣ ሐይቁ ዳር ፎቶው ይነሣል፣ ዘመድ ይጠየቃል። መሄጃው ሲቃረብ ደግሞ 23 ኪሎውን የአውሮፕላን ሻንጣ ለመሙላት ሩጫው ይጀመራል። በርበሬው፣ ሽሮውና ቡናው በእናት በኩል ስለሚያልቅ አያሳስብም። የሚያሳስበኝ "ለቤት የሚሆን ነገር" የምትሉት ነው። ፒያሳ ያገኛችሁት የመጀመሪያ ሱቅ ትገቡና የቆዳ ላይ ካርታ፣ ትንንሽ ሞሰቦችና አንድ የእንጨት ቀጭኔ አፍሳችሁ ትወጣላችሁ። ቀጭኔው እኮ ብዙ ጊዜ የኬንያ ሥራ ነው! ውጭ ስትደርሱ ካርታው ከሶፋ ጀርባ ይገባል፣ ሞሰቡ የቁልፍ ማስቀመጫ ይሆናል፣ ሳሎናችሁ ግን አሁንም የአይኬያ የቤት ዕቃ መደብር ማሳያ ክፍል እንደሆነ ይቀራል።

እኔም ብዙ ዓመት ውጭ ኖሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ ናፍቆቱ እጅ እንደሚያፈጥን አውቃለሁ። ምክሬ አጭር ናት። ብዙ አትግዙ። አንድ ወይ ሁለት ነገር፣ ማን እንደሠራው ከምታውቁት ሰው፣ በቤታችሁ ልክ አሠርታችሁ ውሰዱ። በየቀኑ የምትቀመጡበት፣ የምትለብሱት፣ የምትጠጡበት ዕቃ ይሁን። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ የሚጠጣ አይሁን።

"የት አለና?" እንዳትሉኝ። አለ። አዲስ አበባ ያለው ሳባሃር ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእጅ የተፈተለና በእጅ የተሸመነ ጥጥና ሐር ይሠራል። ፎጣ፣ የአልጋ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ ታገኛላችሁ። ሐሩ የሚገኘው የጉሎ ቅጠል ከሚበላ ትል ነው፤ እኛ አጥር ሥር ዝም ብሎ የሚበቅለውን ጉሎ ማለቴ ነው። ሙያ ኢትዮጵያም አለ፣ ሽመናን ከሸክላ ሥራ ጋር ይዞ ወደ ውጭ ሲልክ የቆየ ድርጅት ነው። እዚያው እናንተ ጋ ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ የቤት ዕቃ ዲዛይነሩ ጆሞ ታሪኩ አለላችሁ። ወንበሮቹ የኛን ዕቃ አይቀዱም። አንዱ ከመቋሚያ ይነሣል፣ አንዱ ከሚዶ፣ አንዱ ከሙቀጫ፣ አንዱ ከኒያላ ቀንድ። ሙዚየሞች ገዝተው አስገብተዋቸዋል። ዋጋው ለሁላችንም ኪስ አይደለም፣ እሱን ልተወው። ግን ሄዳችሁ እዩት፤ ዓይን የሚገራው እንዲህ ያለ ሥራ ነው። መቋሚያ እንዴት ወንበር እንደሚሆን ያየ ሰው የእንጨት ቀጭኔ አይገዛም።

ሐዋሳ ትልልቅ ማሳያ ክፍል ያላቸው ስቱዲዮዎች ከተማ አይደለችም። እዚህ ስቱዲዮ ማለት ብዙውን ጊዜ አንድ ግቢ፣ ሁለት ሦስት የሽመና ዕቃ፣ እና ስልኳን ይዛ ፎቶ የምታነሣ አንዲት ወጣት ናት። ንድፉን እሷ ታወጣለች፣ ሥራውን ሸማኔው ይሠራል። ቴሌግራም ወይ ኢንስታግራም ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ካርድ የላቸውም፣ ምልክት ሰሌዳም የላቸው ይሆናል፣ ዕቃቸው ግን በጥሩ ብርሃን ተነሥቶ ልኩ በሴንቲ ሜትር ተጽፎ ይመጣል። እኔ የምለየው በዚህችው ነው። "ስፋቱ ስንት ነው?" ስትሏት "መካከለኛ" የምትላችሁ ነጋዴ ናት፤ "45 በ45፣ ሲታጠብ ትንሽ ይሰበሰባል" የምትላችሁ ሥራዋን የምታውቅ ናት።

ከጨርቅ እንጀምር፣ ሐዋሳ የሚያዋጣው እሱ ነውና።

እዚህ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ የጋሞ ልጆች ናቸው፣ ከጨንቻና ከዶርዜ በኩል የመጡ። አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ መርገጫውን ይረግጣል፣ ድሩ (በቁመት የተወጠረው ክር) ይከፈታል፣ መወርወሪያውን በቀኝ እጁ ወርውሮ በግራው ይቀበላል፣ መልሶ ይወረውራል። እንግዲህ የጨርቁ ስፋት የሚወሰነው በሰውዬው ክንድ ነው። ለዚህ ነው የባህል ጨርቅ ከአንድ ሜትር የሚጠበው፣ ለዚህም ነው ጋቢና የአልጋ ልብስ መሃሉ ላይ ስፌት ያለው። "ለምን ተቀጠለ?" ብላችሁ አታኩርፉ። ስፌቱ የእጅ ሥራ ምልክት ነው። ነገር ግን ጥለቱ ስፌቱ ላይ ሲገናኝ ገጥሟል ወይስ ተንሻፏል? እሱን እዩ። ጥሩ ሠሪ ያገጥመዋል።

ክሩንም ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ (በመወርወሪያው የሚገባው) ደግሞ በእንዝርት የተፈተለ። ይሄ ማታለል አይደለም፣ ድር ጠንካራ መሆን ስላለበት ነው። ማታለል የሚሆነው ሰው ሠራሽ ክሩን "ንጹሕ ፈትል ነው" ሲሏችሁ ነው። ከጫፉ አንዲት ክር ምዘዙና በክብሪት አቃጥሏት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይበናል። ፕላስቲክ ከሆነ ቀልጦ ጠንካራ ጉብታ ይሠራል። በእጅ የተፈተለ ደግሞ ዓይን ይለየዋል፤ አንዱ ጋ ወፈር፣ አንዱ ጋ ቀጠን ይላል። ውበቱም እሱ ነው። አሁን አሁን ከቻይና የሚመጣ፣ ጥለቱ የታተመበት ጨርቅም ገበያው ውስጥ አለ። ገልብጣችሁ እዩት። ጀርባው ነጭ ከሆነ ኅትመት ነው።

ለትራስ ልብስ ወይ ለመጋረጃ ስታዙ ልኩን ከውጭ ለክታችሁ ኑ። የመስኮታችሁን ቁመት በዓይን ገምታችሁ አትላኩ፣ በእናታችሁ። የእጅ ፈትል መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ወይ ታጥቦ ይሰፋ በሉ፣ ወይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አስጨምሩ። ቀለም ያለው ከሆነ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሹት። ቀለሙ ከለቀቀ ነጭ ሶፋችሁ ላይ ጉድ ነው የሚሠራችሁ።

ቀርከሃ ሌላው ነው። ከላይ ከሲዳማ ደጋ፣ ከሁላና ከአርቤጎና በኩል ይመጣል። ቤት ይሠራበት የነበረው የሽመና እጅ ዛሬ አምፖል ላይ የሚንጠለጠል ሽፋን፣ የልብስ ቅርጫት፣ ትሪ እየሠራበት ነው። እኔ አምፖል ላይ የሚሆነውን እወዳለሁ፣ ማታ ሲበራ ግድግዳው ላይ የሚጥለው ጥላ ብቻውን ጌጥ ነው። ሽፋኑን ብቻ ግዙ። ገመዱንና ሆልደሩን እዚያው ከምትኖሩበት አገር አስገጥሙ፣ የኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ አሜሪካ ሌላ ነው፣ ኢንሹራንሱም አለ። የቀዳዳውን ስፋት ለክታችሁ ስጧቸው፣ አምፖሉም ብዙ የማይሞቅ ኤልኢዲ ይሁን። አንድ ጥያቄ ደግሞ አትርሱ፦ "ቀርከሃው የተቆረጠው በስንት ዓመቱ ነው?" ሦስት ዓመት ያልሞላው ለጋ ቀርከሃ ስታርች ስለሚበዛበት ነቀዝ ይወደዋል። ነቀዝ በሚከላከለው ቦራክስ በሚባል ጨው የተነከረ ከሆነ የተሻለ ነው። ሠሪው ጥያቄው ከገባው ይስቅላችኋል፣ ዋጋም ይቀንስላችኋል። ካልገባው ዱቄት የመሰለ ነገር ከሥሩ ይረግፍ እንደሆነ ነካ ነካ አድርጋችሁ እዩ።

ሸክላ ላይ አጥብቄ ልናገር። ጀበና ሁላችሁም ትወስዳላችሁ፣ አብዛኛውም መንገድ ላይ ይሰበራል ወይ ምድጃ ላይ ይሰነጠቃል። የባህሉ ጀበና ከሥሩ ክብ ነው፣ ለከሰልና ለማቶት ነው የተሠራው። ለእናንተ ጠፍጣፋ ምድጃ ከሥሩ ጠፍጣፋ የሆነ አሠሩ። ኢንዳክሽን ያላችሁ ደግሞ ድካማችሁን ቀንሱ፣ ኢንዳክሽን ሸክላን ጭራሽ አያሞቅም፣ ለጋዝ ወይ ለትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የሚሆነው። ሳታሟሹት ቡና አታፍሉበት፣ በሳሙና አትጠቡት፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥማ አታስቡት። ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣዋል፣ ቡናችሁም ሳሙና ሳሙና ይላል። በአውሮፕላን በእጅ ያዙት፣ ሆዱን ካልሲ ሞልታችሁ፣ አንገቱን በጋቢ ጠምጥማችሁ።

ሸክላ የሚሠሩትን ሴቶች ደግሞ ስም ጠይቋቸው። ትናንት "ጠይብ" እያልን ማዕድ ያልተጋራናቸው እነሱን ነው። ዛሬ ሥራቸው ኒውዮርክ ሱቅ ውስጥ በመብራት ሥር ሲቀመጥ ሁላችንም "ባህላችን" እንላለን። የሠሪዋ ስም ያልተጻፈበት ውድ ዕቃ እኔ አልገዛም። ግትርነት በሉት።

እንጨት ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ከአንድ ግንድ የተጠረበ የጅማ በርጩማ ቆንጆ ነው፣ ግን እርጥብ እንጨት ከሆነ ሚኒሶታ ወይ ስዊድን ደርሶ ሂተሩ ሲበራ ከጠርዙ ጀምሮ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ደርቆ የቆየ መሆኑን አረጋግጡ፣ ቤት ስትገቡም ከማሞቂያው አርቁት። ሁለተኛው፣ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የአበሻ ጥድ ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ የተከለከለ ነው። ከገበሬ ማሳ የመጣ መሆኑን መጠየቅ ነውር አይደለም። "የጥንት" ተብሎ የሚሸጠውን ደግሞ በነጭ ሶፍት አሹት። አንድ ሱቅ ውስጥ "የአያቴ ነው" የተባልኩት በርጩማ ሶፍቴን ቡናማ አድርጎታል፤ የሊስትሮ ቀለም ነበር የአያትየው ዕድሜ።

ዋጋ ላይ። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ ሲለዋወጥ ዶላር የያዛችሁ ሁሉ ነገር ርካሽ መስሎ ይታያችኋል። "በዶላር ስትመታው ምንም አይደል" ብላችሁ የተጠየቃችሁትን ከፍላችሁ ስትሄዱ ለሰፈሩ ሰው ዋጋውን ሰቅላችሁ ነው የምትሄዱት። በሌላ በኩል ደግሞ ከአንዲት ሸማኔ ጋር ለአንድ ማኪያቶ ዋጋ ግማሽ ሰዓት የምትጨቃጨቁ አላችሁ፣ እናንተን አይቻለሁ! ስቱዲዮ ከሆነ ዋጋው ተጽፏል፣ አትከራከሩ። ግማሹን ቀብድ ስጡ፣ ቀሪውን ዕቃው አልቆ ፎቶ ሲላክላችሁ። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የሠሪው ስምና የተሠራበት ዓመት ይጻፍበት። ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

ቦሌ ላይ አሮጌ የሚመስል ነገር ሊያዝ ይችላል። የቅርስ አዋጁ 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል። ብራና፣ የቆየ መስቀልና አሮጌ የእንጨት ዕቃ የያዘ ሰው አዲስ አበባ ቅርስ ባለሥልጣን ሄዶ ማስመርመር አለበት። ከሐዋሳ ተነሥታችሁ በዚያው ቀን ማታ የምትበሩ ከሆነ አይደርስላችሁም። አዲስ ሥራ ከሆነ ደረሰኙ ክርክሩን ያሳጥርላችኋል።

እዚያ ስትደርሱ ደግሞ አየር ማረፊያው ላይ የያዛችሁትን አስመዝግቡ። አውስትራሊያ ያላችሁ በተለይ፣ ሣር፣ ቀርከሃና እንጨት የነካው ሁሉ ይታያል። ሞሰብ ከስንደዶና ከአክርማ ነው የሚሰፋው፣ ዘር ተጣብቆበት ከተገኘ ይወስዱታል፣ አራግፉት። አሜሪካ ነዋሪ ሆኖ የሚመለስ ሰው ብዙውን ጊዜ እስከ 800 ዶላር ዕቃ ያለ ቀረጥ በሻንጣው ያስገባል፣ ወደ አውሮፓ ኅብረት በአውሮፕላን የሚገባ እስከ 430 ዩሮ። በፖስታ ማስላክ ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ አሜሪካ ለትንንሽ ጥቅሎች የነበረውን ነፃ በር በነሐሴ 2025 (እ.ኤ.አ.) ዘግታዋለች። ስለዚህ አቅሙ ካላችሁ በሻንጣ። ሻንጣው ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ158 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፣ ዕቃውን ስታዙ ይቺን ቁጥር ለሠሪው ንገሩት። እግሩ የሚፈታ በርጩማ፣ ክዳኑና እግሩ የሚለያይ ሞሰብ የሚሠሩ አሉ።

ጊዜውን አትርሱ። ዝናብ ላይ ሸክላ ቶሎ አይደርቅም፣ ቸኩሎ እሳት የገባ ሸክላ ደግሞ ይፈነዳል። መስከረም ላይ የጋሞ ሸማኔ ለመስቀል አገሩ ይገባል፣ ደውላችሁም አታገኙትም። ለገና የምትፈልጉትን ጋቢ ሐምሌ ላይ እዚሁ እያላችሁ እዘዙ፣ ቀብዱን ስጡና ሂዱ፤ ጥቅምት ላይ አልቆ ከሚመጣ ዘመድ ጋር ይላክላችኋል።