መልስ፦ የመጀመሪያ ጋንዳሜ ኤችጂ ይሁን አርጂ?

ወንድሜ ለመጀመሪያ ጋንዳምህ (ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሮቦት ሞዴል) ከአርጂው (Real Grade፣ ዝርዝሩ የበዛው ደረጃ) ይልቅ ኤችጂውን (High Grade፣ ቀለል ያለው ደረጃ) ውሰድ ባይ ነኝ። ሁለቱም 1/144 (በታሪኩ ካለው ሮቦት 144 ጊዜ ያነሱ) ስለሆኑ ቁመታቸው ያው ነው፣ ግን አርጂው ውስጡ እንደ አጽም ያለ ፍሬም ስላለው ክፍሎቹ በጣም ደቃቅ ናቸው፣ ስቲከሩንማ ተወው፣ በወረንጦ እያነሳህ ስትለጥፍ አይንህ ይጠፋል 😅 ሲያልቅ የሚያምረው አርጂው እንደሆነ አልክድም፣ ዝርዝሩ ሌላ ነው። ኤችጂው ላይ የማልወደው እጅና እግሩ ላይ ሁለቱ ግማሾች የሚገጥሙበት መስመር መታየቱ ነው፣ ግን ጠንከር ብሎ ስለሚቆም ፖዝ እያስቀየርክ ብትጫወትበትም ቶሎ አይፈርስም።

ክፍሉን ስቆርጠው ነጭ ጠባሳ ይተዋል ላልከው ደግሞ አንዴ ጥግ ድረስ አትቁረጥ፣ መጀመሪያ ከክፍሉ ራቅ አድርገህ ከራነሩ (ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ማዕቀፍ) አላቀው፣ ከዛ የቀረችውን ጉጥ በስለታም ኒፐር (መቁረጫ ፒንሳ) ትንሽ አስተርፈህ ቁረጥና የተረፈውን በ400 ከዛ በ800 ብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልክ ፈግፍገው፣ በተለይ ጥቁርና ሰማያዊ ክፍል ላይ እንዳትቸኩል ነጩ ቶሎ ያስታውቃል። ሙጫ ምናምን አትግዛ፣ እየተጫነ ነው የሚገጥመው። ማንዋሉ ጃፓንኛ ነው ብለህም አትስጋ፣ ስዕሉ ላይ ያለውን ፊደልና ቁጥር ራነሩ ላይ ፈልገህ ማግኘት ብቻ ነው።