የሚበሉት አልወርድ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬው ጉዳይ የመዋጥ ችግርና የምግብ ቧንቧ መኮማተር ነው። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር የመጡትን ጥያቄዎች አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ። አንድ ነገር ከወዲሁ፦ እኛ ዘንድ ከአንገት በታች ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ «ጨጓራ» ነው። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ስሙን ተዉትና የሆነውን ተናገሩ። ምን ስትበሉ ያዛችሁ? ከዋጣችሁ ስንት ሰከንድ ቆይቶ? የት ላይ? እንጀራው ብቻ ነው ወይስ ውሃም እምቢ ይላል? ግማሹ ምርመራ እዚያ ላይ አለ።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ ደረቴን መሀል ለመሀል ጨምድዶ ይይዘኝና ወደ ጀርባዬ ይወጋኛል። አንዳንዴ ስበላ ነው፣ አንዳንዴ ዝም ብዬ ተቀምጬ። ልብ ነው ያለኝም አለ።

መልስ፦ መጀመሪያ ልብህ ይታይ። በተለይ ዕድሜህ ከ40 ካለፈ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብህ፣ ወይም ዳገት ስትወጣ የሚብስብህ ከሆነ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ሳትነሣ ስለ ምግብ ቧንቧ አታስብ። የልብና የምግብ ቧንቧ ሕመም በተቀራረበ የነርቭ መስመር ስለሚሄድ ሰውየው ራሱ ሊለየው አይችልም። ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን አስታገሠኝ ማለትም ማስረጃ አይሆንም፤ ያ መድኃኒት የቧንቧውንም ጡንቻ ያላላል። ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ ደቂቃ ሳትቆጥር ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ልብህ ደህና ከተባለ ወደ ቧንቧው እንመለስ። ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የዋጥከውን ጡንቻው ከላይ ወደ ታች በተራ እየጨመቀ በ8 እስከ 10 ሰከንድ ያወርደዋል፤ ታች ጨጓራው አፍ ላይ ያለው ቀለበትም በሰዓቱ ይከፈታል። ሦስት ዓይነት ብልሽት አለ። አንደኛው ታችኛው ክፍል ተራውን ሳይጠብቅ ባንድ ጊዜ ሲኮማተር ነው። ሁለተኛው ተራው ተጠብቆ ጉልበቱ ከልክ ሲያልፍ ነው። ሦስተኛው አካሌዥያ ይባላል፤ ቀለበቱ አልከፈት ይላል፣ ከላይ ያለው ጡንቻም መግፋቱን ይተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያሳምማሉ እንጂ ሰው አይገድሉም። ሦስተኛው ሳይታከም ከቆየ ቧንቧውን እየለጠጠ ያበላሸዋል።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ) ታይቼ «ምንም የለብህም» ተባልኩ። ሕመሙ ግን እንዳለ ነው። ታዲያ ከየት መጣ?

መልስ፦ ካሜራው የሚያየው ግድግዳውን ነው፤ ቁስል፣ እብጠት፣ ጥበት ካለ ያገኛል። የጡንቻውን አሠራር ግን አይለካም። ስለዚህ «ምንም የለም» ማለት ካንሰርም ቁስልም አልተገኘም ማለት ነውና ትልቅ ዜና ነው፤ መኮማተር የለም ማለት ግን አይደለም። ቀጥሎ የሚጠየቀው ባሪየም የሚባል በራጅ የሚታይ ፈሳሽ እያስዋጡ የሚነሣ ራጅ ነው። በአካሌዥያ ቧንቧው ከላይ ሰፍቶ ታች እንደ ወፍ አፍ ይሾላል፤ በመኮማተር ደግሞ ሊጠማዘዝ ይችላል፣ ራጁ ሲነሣ ካልተኮማተረ ግን ደህና መስሎ ያልፋል። ዋናው መለኪያ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ግፊቱን የሚለካው ማኖሜትሪ ነው፤ በየሆስፒታሉ የሚገኝ መሣሪያ ግን አይደለም። ስለዚህ ብዙ ሐኪም በመሀል አሲዱን በማከም ይጀምራል፤ ቃር ቧንቧውን እየቆጠቆጠ የሚያኮማትረው ብዙ ሰው አለና። አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት፣ ለ8 ሳምንት ይሞከራል። ከምግብ በኋላ የሚውጠው ሰው መድኃኒቱን ግማሽ በግማሽ እንደጣለው ይቁጠር።

ትራማዶል የምትወስድ ከሆነም ለሐኪምህ ንገር። የዚያ ወገን የሕመም ማስታገሻዎች ራሳቸው ቧንቧውን ያኮማትራሉ፣ ቀለበቱንም ያጠብቃሉ፤ ይህን የሚጠይቅ ሐኪም ጥቂት ነው።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ ሲይዘኝ እዚያው ምን ላድርግ?

መልስ፦ መብላቱን አቁሚ፣ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ ለብ ያለ ውሃ በትንሽ በትንሹ ተጎንጪ። ለብታው ጡንቻውን ያላላል። ቀዝቃዛ ውሃና አምቦ ውሃ ግን ያብሱታል፤ ብዙ ሰው «እንዲያወርድልኝ» ብሎ የሚጠጣው ደግሞ እነሱን ነው። በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ አየር አስገቢና በረጅሙ አስወጪ። የፔፐርሚንት ዘይት 5 ጠብታ በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ አድርጎ መጠጣት የሚረዳቸው አሉ፤ ለመጠጥ የተዘጋጀው እንጂ ለመታሻ የሚሸጠው አይደለም። ቃር ካለብሽ ግን ተይው፣ ቀለበቱን አላልቶ አሲዱን ያመጣዋል።

ጥያቄ (ያው ጠያቂ)፦ በቋሚነት የሚወሰድ መድኃኒትስ?

መልስ፦ ሦስት መንገድ አለ፣ ሦስቱም በሐኪም ትእዛዝ። ኒፌዲፒን 10 ሚሊ ግራም ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ጡንቻውን ያላላል፤ ራስ ምታት፣ የእግር እብጠትና ስትነሺ መዞር ያመጣል። ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት መስበር ወይም መፍጨት ክልክል ነው፣ መጠኑ ባንዴ ተለቆ ደም ግፊትሽን ይጥለዋል። ሁለተኛው የናይትሬት ክኒን ነው፤ ቪያግራና መሰሎቹን ከሚወስድ ሰው ጋር በፍጹም አይገናኝም። ሦስተኛው አሚትሪፕቲሊን ማታ 10 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ወደ 25 የሚወጣ ነው። ፋርማሲው «የጭንቀት ነው» ሲላችሁ አትደንግጡ፤ በዚህ መጠን የሚሰጠው ከቧንቧው የሚመጣውን የሕመም ስሜት ለማደብዘዝ ነው። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፤ የልብ ምት ችግር ወይም ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ላለበት፣ ሽንትም አልወጣ ለሚለው ሰው አይሆንም።

ጥያቄ (ደጀን)፦ ዐቢይ ጾም ላይ ነኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ኦሜፕራዞሉን እንዴት ላድርገው? ጠበልም እጠጣለሁ።

መልስ፦ በዘጠኝ ሰዓት በውሃ ይዋጡት፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይብሉ። ሁለተኛውን ከእራት 30 ደቂቃ በፊት። በቁርባን ቀን ከቅዳሴ በኋላ መዋጥ ይቻላል፣ ጥቂት ሰዓት መዘግየቱ አይጎዳም። አስቸጋሪው ረጅም ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ብዙና የሚያቃጥል ሽሮ መብላት ነው። ግማሹን በዘጠኝ፣ ግማሹን ማታ ያድርጉት። ለጾም ከሱፍ ፍትፍት የተሻለ ለስላሳ ምግብ አላውቅም፤ በደንብ የተጣራ፣ እንጀራው 10 ደቂቃ የራሰበት። ክብደት እየቀነሱ ከሆነ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፣ ለሕመምተኛ የሚፈቅዱት አለ።

ጠበሉን በተመለከተ፣ ጥቂት ተጎንጭቶ መጠጣት ችግር የለውም። በጠዋት ቀዝቃዛውን በብዛት ጠጥቶ ማስመለስ ግን መኮማተሩን ይቀሰቅሳል፤ ቧንቧው የጠበበ ሰው ላይ ደግሞ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ጥያቄ (ሞጣ)፦ ምን ልብላ፣ ምን ልተው? ድግስ ላይ ጉርሻ እምቢ ማለትም ነውር ሆነብኝ።

መልስ፦ ጉርሻው ነው ዋናው ጠላትህ። በአንድ ሰው እጅ የተጠቀለለ ጉርሻ ራስህ ከምትቆርሰው ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ ከአፍ መልሶ ማውጣትም አይቻልም፤ ሰውየው እያየህ ሳታላምጥ ትውጠዋለህ። «ሐኪም ከልክሎኛል፣ ግማሹን ብቻ» በል፤ ወይም እጅህን ዘርግተህ ተቀበልና ቆርሰህ ብላ። የጎጃም ሰው ሐኪም ካልከው ይለቅሃል።

እንጀራ በወጥ እስከራሰ ድረስ ደህና ነው። የሦስት ቀን እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ የድፎ ዳቦ ቅርፊት፣ ቆሎ፣ በደንብ ያልበሰለ ንፍሮ፣ ጅማት ያለው ጥብስና ጥሬ ሥጋ ይቆዩህ። ምንቸት አብሽ፣ የተፈጨ ድንች፣ ቅንጬ፣ እርጎ ይሄዳሉ። ቡናውንና ሻዩን ጥቂት አብርደው፤ ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣ ትኩስ ነገር ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ሳያጋልጥ እንደማይቀር የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ተመራማሪዎች በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አስታውቀዋል። «ለጨጓራ» እየተባለ የሚጠጣው ተልባ ደግሞ ያብጣል፤ ቧንቧው ጠቧል ለተባለ ሰው ፍሬው ጉሮሮ ላይ ተጓጉሎ ሊዘጋ ስለሚችል አይሆንም።

ጥያቄ (ቢቸና)፦ እናቴ 60 ዓመት አልፏቸዋል። ከአራት ወር በፊት ሥጋ ያንቃቸው ነበር፣ ከዚያ እንጀራ፣ አሁን አጥሚት ብቻ ነው። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። እርሳቸው «ጨጓራዬ ነው» ይላሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሜ ብመልሰው ይሻል ነበር። ከደረቅ ጀምሮ ወደ ለስላሳ፣ ከዚያ ወደ ፈሳሽ እየወረደ የሚሄድ ችግር ቧንቧው ከውስጥ እየጠበበ መሆኑን ያመለክታል። መኮማተርና አካሌዥያ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ውሃውንም እንጀራውንም እኩል ይከለክላሉ፤ መኮማተሩ መጣ ሄድም ይላል። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ፍጥነት፣ ከክብደት መቀነስ ጋር ሲሆን ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። ሽሮፕ እየገዛችሁ ሌላ ወር አትጨምሩ፤ በዚህ ሳምንት ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰጃቸው። ስትሄዱ ደረቅ ምግብ ምርመራው 8 ሰዓት ሲቀረው ይቁም፤ ሳይወርድ የሚቆይ ምግብ ስላላቸው ከቀኑ በፊት ያለውን ዕለት በፈሳሽ ብቻ ቢያሳልፉት ይሻላል። ምክንያቱ የአሲድ ጠባሳ ሆኖ ከተገኘ በዚያው በኢንዶስኮፒ ይሰፋላቸዋል።

ጥያቄ (ደጋ ዳሞት)፦ እንቅርት መዋጥ ይከለክላል?

መልስ፦ ትልቅ ከሆነና ወደ ደረት አጥንት ውስጥ ከወረደ፣ አዎ። ሁለት እጅሽን ወደ ላይ አንሥተሽ ከጆሮሽ አጠገብ ለአንድ ደቂቃ ያዢ፤ ፊትሽ ከቀላና ትንፋሽ ካጠረሽ ወደ ውስጥ መውረዱን ይጠቁማልና ቀዶ ሐኪም ይይሽ። አዮዲን ያለው ጨው አዲስ እንቅርት ይከላከላል፣ የቆየውን ትልቅ እንቅርት ግን አያጠፋም።

ጥያቄ (ዳንግላ)፦ ለልጄ የመዋጥ ችግር እንጥሉን ብታስቆርጠው ይሻለዋል አሉኝ።

መልስ፦ አይሻለውም። እንጥል ምግብ አይዘጋም፤ ስንውጥ ምግቡ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ከላንቃው ጋር ያግዛል። የሚቆርጡት ሰዎች የሚያተርፉለት መድማትና መመረዝ ነው።

ጥያቄ (እንጅባራ)፦ አባቴ ስትሮክ መትቷቸው ውሃ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል። ገንፎም ጉሮሯቸው ላይ ይቀራል።

መልስ፦ ይህ የጉሮሮ እንጂ የደረት ችግር አይደለም፣ መንገዱም ሌላ ነው። ውሃ በፍጥነት ስለሚሮጥ ወደ አየር ቧንቧ ይገባባቸዋል፤ ገንፎ ደግሞ ደካማው ጉሮሮ ገፍቶ አያወርደውም። የሚፈልጉት መካከለኛውን ነው። ያለ መርፌ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጫፉን በጣትህ ዝጋና አጥሚቱን እስከ 10 ሙላ፤ ጣትህን ልቀቅና 10 ሰከንድ ቁጠር። ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ከቀረ ለብዙ ሕመምተኛ የሚስማማ መጠን ነው። ከ4 በታች ከቀረ ቀጥኗል። አጥሚት ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር በሚጠጡበት ሙቀት ለካው።

ቀጥ አድርገህ አስቀምጣቸው፣ አገጫቸው ወደ ደረታቸው ይጠጋ፣ በሻይ ማንኪያ ብቻ። ማንቁርታቸው ከፍ ብሎ መመለሱን ሳታይ ሁለተኛ ማንኪያ አትስጥ። ድምፃቸው ውሃ ያዘለ ከመሰለ እንዲያስሉና ደግመው እንዲውጡ አድርግ። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ አይተኙ። አፋቸውን በቀን ሁለቴ አጽዳ፤ ሳንባ ምች የሚያመጣው ምግቡ ብቻ አይደለም፣ አብሮት የሚገባው የአፍ ተሕዋስም ነው። ሲያንቀላፉ አታብላ። ትኩሳት ከመጣ ወይም ማንኪያው ሁሉ ካሳላቸው በአፍንጫ ቱቦ እስኪመገቡ ድረስ ማብላቱን ተውና ሆስፒታል አድርሳቸው።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ እህቴ 24 ዓመቷ ነው። ውሃም እንጀራም አይወርድላትም፤ ማታ ስትተኛ የበላችው ሳይፈጭ ትራሱ ላይ ይመለሳል። አካሌዥያ ነው ተባለ። ቀዶ ሕክምና ወይስ ክኒን?

መልስ፦ ለወጣት ክኒን ጊዜ ማባከን ነው። ምርጫዋ ሁለት ነው። በፊኛ ማስፋት፦ 30 ሚሊ ሜትር ተጀምሮ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ 35 እና 40 ይወጣል፤ ከ100 ሰው በ2ቱ ገደማ ቧንቧው ሊቀደድ ስለሚችል ቀዶ ሐኪም ባለበት ቦታ ብቻ ይሠራል፣ ከዓመታት በኋላ መደገምም አለው። ሁለተኛው የቀለበቱን ጡንቻ በቀዶ መክፈት ነው፤ ለወጣት የኔ ሚዛን ወደዚህ ያደላል። ጡንቻ የሚያላላውን ቦቶክስ 100 ዩኒት መወጋት ከስድስት ወር እስከ ዓመት ስለሚያልቅ ቀዶ ሕክምና ለማይችሉ አዛውንት ቢቀር ይሻላል። እስከዚያው እራቷን ከመኝታ 4 ሰዓት በፊት ትጨርስ፣ ከእራት በኋላ ለብ ያለ ውሃ ትጠጣ፣ የአልጋውን የራስጌ እግሮች በጡብ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ትራስ መደራረብ ሆድን ስለሚያጥፍ አይተካውም።

ጥያቄ (አዴት)፦ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ተቀርቅሯል። ስበላ ግን ይጠፋል።

መልስ፦ ሲበሉ የሚጠፋ መቀርቀር፣ ክብደት ካልቀነሱና ካላመመዎት፣ አብዛኛውን ጊዜ የጉሮሮ ጡንቻ መወጠር ወይም ቃር ነው። ደጋግሞ ጉሮሮን መጥረግ ያብሰዋል፤ በምትኩ አንድ ጉንጭ ውሃ።

ጥያቄ (ደንበጫ)፦ ዶክሲሳይክሊን ማታ ውጬ ተኛሁ፣ ጠዋት ምራቄን መዋጥ አቃተኝ፣ ደረቴ ይቃጠላል።

መልስ፦ ክኒኑ ቧንቧው ላይ ተጣብቆ አቁስሎሃል። ስለ ምትኩ ሐኪምህን ጠይቅ፣ ለጥቂት ቀን ለስላሳና ለብ ያለ ብላ፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይሽራል። ወደፊት ማንኛውንም ክኒን ቁጭ ብለህ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ከመተኛትህ ቢያንስ 30 ደቂቃ በፊት። ውሃም የማይወርድ ከሆነ ዛሬውኑ ታይ።

ጥያቄ (ቋሪት)፦ ሥጋ ተቀርቅሮ ቢቀርስ?

መልስ፦ መናገርና መተንፈስ ካልቻለ አየር ቧንቧው ነው፤ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ በኃይል ግፉ። የሚተነፍስ ከሆነ ግን የምግብ ቧንቧው ላይ ነው ያለው። በዳቦ ወይም በእንጀራ ለመግፋት አትሞክሩ፣ ጣት አስገብታችሁም አታስመልሱ። ምራቁን መዋጥ አቅቶት የሚተፋ ከሆነ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ምራቁ የሚወርድለት ከሆነም 24 ሰዓት ሳይሞላ በኢንዶስኮፒ መውጣት አለበት። መኪና ከመያዛችሁ በፊት ሆስፒታሉ ጋ ደውላችሁ መሣሪያው በዚያ ቀን እየሠራ እንደሆነ ጠይቁ።