ፋብሪካው ወንዙን ሲበክል ለማን አቤት ይባላል? ጥያቄና መልስ

የአካባቢ ሕግ ላይ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ስለ ብክለትና ስለ አቤቱታ ያላችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው አቃቂ ወንዝ ዳር ነው። ፋብሪካው ሌሊት ፍሳሹን ይለቅና ጠዋት ወንዙን አረፋ ለብሶ እናገኘዋለን። ወረዳ ብንሄድ «እናያለን» አሉን፤ ዓመት አለፈው።

መልስ፦ የነገራችኋቸው በቃል ነው በጽሑፍ? በቃል ከሆነ ምንም እንዳላላችሁ ቁጠሩት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ አካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት ትችላላችሁ። ይህን ጊዜ ለመቁጠር ማመልከቻው የገባበት ቀን መታወቅ አለበት። ስለዚህ ሁለት ኮፒ ያዙ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ፣ በሌላው ላይ ቀንና ቁጥር አስጽፋችሁ ማህተም አስመቱ። «ግዴለም፣ እኛው እናስታውሰዋለን» ቢሏችሁ እሺ ብላችሁ እንዳትወጡ።

ማመልከቻው ላይ «ብክለት በዛብን» ብቻ አትበሉ። ፍሳሹ ከየትኛው ቱቦ፣ ከየትኛው ድልድይ በታች፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ቀለም ይዞ እንደሚወጣ ጻፉ። ፎቶ ካለ አያይዙ።

ጥያቄ፦ ተቆጣጣሪ ሲመጣ እኮ ማጣሪያው ይሠራል፤ ሲሄድ ይጠፋል።

መልስ፦ በዚሁ አዋጅ መሠረት ተቆጣጣሪው ሳያስታውቅና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዝ መግባት፣ ናሙናም መውሰድ ይችላል። በቀጠሮ የሚደረገውን ቁጥጥር እኔ ጉብኝት ነው የምለው። በማመልከቻችሁ የሌሊት ናሙና እንዲወሰድ በግልጽ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በዚያ ውሃ የለማውን ጎመን በደንብ ብናጥበውስ?

መልስ፦ ማጠብ ላዩን ያጸዳል እንጂ ተክሉ በሥሩ የሳበውን ክሮምና ሌላ ብረት አያወጣም። ገበሬው ላይ ግን አትፍረዱ፤ እሱም ሌላ ውሃ የለውም።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ድሃው ላይ የሚወድቀው ለምንድን ነው? ቆሼን እናስታውሳለን።

መልስ፦ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ሕግ ጠፍቶ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ከደነገገ ቆይቷል። ችግሩ ቆሻሻውን የሚጥለው ከተማው፣ የሚቆጣጠረውም ከተማው መሆኑ ነው። ራሱን የሚቀጣ መሥሪያ ቤት እስካሁን አላየሁም። የግል ፋብሪካ ሲሆን ቢያንስ ጣት የሚቀሰርበት ሌላ ወገን አለ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ተቆጣጣሪውን ራሱን መክሰስስ?

መልስ፦ በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ጉዳይ አንድ የመብት ድርጅት የፌዴራሉን ባለሥልጣን ከሶ ነበር፤ አልተሳካለትም። እኔ በካዩን እንድትከሱ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ ላሞቻችን ሞተውብናል። ካሳ እናገኛለን?

መልስ፦ ከውል ውጭ ኃላፊነት (በመካከላችሁ ውል ሳይኖር ላደረሰባችሁ ጉዳት ካሳ) መጠየቅ ይቻላል፤ ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ሁለት ዓመት ነው። የሚከብደው የሞቱት በዚያ ፍሳሽ መሆኑን ማስረዳት ነው። ሌላ ላም ከታመመባችሁ ወይም ከሞተባችሁ ሳትቀብሩት የእንስሳት ሐኪም ጥሩና የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ ተቀበሉ።

ጥያቄ፦ ለጠበቃ የሚከፈል የለንም።

መልስ፦ ለአቤቱታው ጠበቃ አያስፈልግም። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ ማህተም ያለበትን ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ።