ከቴሌግራም ወደ ቲምስ፦ ሥልጠናውን ስንት ቀን ላድርገው ላልሽው

እህቴ፣ ድሬዳዋ ባለ 35 ሠራተኛ ትራንዚት ቢሮ (የደንበኛ ዕቃ በጉምሩክ የሚያስጨርስ) ነው የምትሠሪው፣ ድንበሩ ላይ ደወሌና ጅቡቲም ሰው አላችሁ፣ አለቃሽ «ሥራ ሁሉ ወደ ማይክሮሶፍት ቲምስ (የቢሮ መልእክት፣ ፋይልና ስብሰባ ማካሄጃ) ይግባ» ብሎ ለአንቺ ሰጠሽ፣ ሥልጠናው ስንት ቀን ይሁን ብለሻል። ከ40 ደቂቃ አይብለጥ። ሰው አዳራሽ ተቀምጦ ፕሮጀክተር እያየ ቲምስ አይለምድም። የሚለምደው የሚፈልገው ሰነድ ሌላ ቦታ የማይገኝ ሲሆን ብቻ ነው።

1. አንድ የሰነድ ዓይነት ምረጪና እሱን ሙሉ በሙሉ አሻግሪ። ለእናንተ ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት (የዕቃው ዝርዝርና የካርቶን ብዛት) ይሻላል፤ ከደንበኛ ይመጣል፣ በየመሀሉ ይታረማል፣ ዲክላራንቱም (የጉምሩክ ሰነዱን የሚሞላው) ጅቡቲ ያለውም ይፈልገዋል። ቀን ቁረጪ፦ ከሰኞ ጀምሮ በቴሌግራም በመጣ ፓኪንግ ሊስት ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበው ሰነድ) አይሞላም። የሠርጉ፣ የለቅሶው፣ የዕቁቡ መልእክት እዚያው ቴሌግራም ላይ ይቆይ፤ እሱን ለመዝጋት አትድከሚ።

ብዙ ቢሮ የሚከስረው እዚህ ጋ ስለሆነ ልዘርዝረው። «እስኪለመድ ሁለቱንም እንጠቀም» ይባላል። ደንበኛው 412 ካርቶን የነበረውን 421 ብሎ አርሞ ይልካል። የተቀበለው ልጅ እጁ እንደለመደው ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ፎርዋርድ ያደርገዋል። ቲምስ ላይ ያለው ግን አሮጌው ነው፣ ዲክላራንቱም እሱን አምኖ ይሞላል። ፍተሻ ላይ ቁጥሩ አይገጥምም፤ ማረሚያ ይጠየቃል፣ ኮንቴይነሩ ይቆማል፣ ዲመሬጁ (ኮንቴይነሩ ለቆየበት የሚከፈለው) በዶላር ይቆጥራል። ከዚያ ስብሰባ ይጠራና «ቲምስ አበላሸን» ይባላል። ያበላሸው ግን አንድ ሰነድ ሁለት ቤት እንዲኖረው መፈቀዱ ነው። ሕጉን ቀድሞ የሚያፈርሰው ደግሞ ሠራተኛው ሳይሆን አለቃ ነው፤ መኪና ውስጥ ሆኖ «እስቲ በቴሌግራም ጣልልኝ» ይላል። አንድ ጊዜ ከተላከለት ሁሉም ይከተለዋል። ስለዚህ ከሥልጠናው በፊት አለቃሽን ብቻውን አግኚው፣ ስልኩ ላይ ጫኚለት፣ ፋይል ሲፈልግ ሊንክ ብቻ እንደሚላክለት አስማሚው። ይህን እምቢ ካለሽ ሥራውን አትጀምሪው።

2. ፋይል በቻት አይላክ፣ በቻናል (ቲምስ ውስጥ የቡድኑ የጋራ ክፍል) ይለጠፍ። ልዩነቱ የመልክ አይደለም። በግል ቻት የተላከ ፋይል የሚቀመጠው በላኪው ዋንድራይቭ (የግል የኢንተርኔት ማከማቻው) ውስጥ ነው፤ ቻናል ላይ የተለጠፈው ግን በቡድኑ ሼርፖይንት (የጋራ ማከማቻው) ውስጥ ነው። ልጁ ሥራ ለቆ አካውንቱ ከተሰረዘ፣ ካልተቀየረ በቀር ዋንድራይቩ 30 ቀን ይጠበቅና ይሰረዛል። ከሦስት ወር በኋላ የድሮ ኢንቮይስ ሲፈለግ ሊንኩ አለ፣ ፋይሉ የለም።

አንድ ቡድን ይበቃችኋል። ቻናሉን በቅርንጫፍ ሳይሆን በሥራው ቅደም ተከተል ክፈዪ፦ ገቢ ሰነድ፣ ዲክላራሲዮን፣ ጅቡቲ ወደብ፣ መኪናና ባቡር። የፋይሉ ስም በቢል ኦፍ ሌዲንጉ (መርከቡ ዕቃውን ሲጭን የሚሰጠው ሰነድ) ቁጥር ይጀምር። በደንበኛው ስም ከሆነ አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል፤ ለእኛ አንድ ነው፣ ለመፈለጊያው ግን የተለያየ ፊደል ስለሆነ አያገናኘውም። የታረመ ሰነድ ሲመጣ በዚያው ስም ይጫንና «ተካ» የሚለው ይመረጥ፤ አሮጌው በቨርዥን ታሪኩ ውስጥ ይቀመጣል። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» የሚባል ስም ከመጀመሪያው ቀን ከልክዪ።

3. ሰዓት። አቦ፣ ይህን ማንም አይነግርሽም። ካላንደሩ ላይ 3:00 ብለሽ ብትሞዪ ድሬ ያለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብሎ ያነበዋል፣ ቲምስ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው የሚይዘው። ጅቡቲ ከእኛ ጋር አንድ የሰዓት ቀጠና ላይ ብትሆንም እዚያ የሚቆጠረው በፈረንጅ ነው። ሁልጊዜ በፈረንጅ ሙዪ፣ ርዕሱ ላይ ደግሞ በቃል ድገሚው፦ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በጅቡቲ 9:00»። ዓርብን ለጋራ ስብሰባ አትንኪው፤ ጅቡቲ የዕረፍት ቀን ነው፣ እኛም ጋ ጁምዓ አለ።

ከዚሁ ጋር የሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ። የሀበሻ ሰዓት እንዲያሳየው ስልኩን በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰ ሠራተኛ አይጠፋም። ኦተንቲኬተሩ (ሲገባ የማረጋገጫ ኮድ የሚሰጠው የስልክ አፕ) የሚያወጣው ባለ 6 አሐዝ ኮድ በየ30 ሰከንዱ ከስልኩ ሰዓት ተሰልቶ ነው፤ ሰዓቱ ከተዛባ ኮዱ «ስህተት» ይባላል፣ ሰውየውም ፓስወርድ ጠፋብኝ እያለ ሲያስቀይር ይውላል። ፓስወርዱን ከመቀየርሽ በፊት ስልኩን አይተሽ አውቶማቲክ ሰዓት ላይ መልሺው። ኮምፒውተሮቹንም እዪ፤ ዊንዶውስ ሲጫን በአሜሪካ ሰዓት የቀረ ብዙ ነው። የእኛ ቀጠና «ናይሮቢ» በሚለው ስር ይገኛል።

ስልክ የሚጠፋበትና የሚቀይር ስለማይጠፋ አድሚን (አካውንቶቹን የሚያስተዳድረው) ሁለት ሰው ይሁን፤ ሁለቱም በቢሮው ኢሜይል፣ በማንም የግል ኢሜይል አይሁን። ለአምስት ሰው አንድ አካውንት የሚለውን ቁጠባም አትቀበዪ፣ ማን ምን እንደቀየረ አይታወቅም። «ኖቲፊኬሽን አይመጣልኝም» ለሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ለቲምስ የባትሪ ቁጠባውን ማጥፋት ነው። ስብሰባ ላይ ኔቱ ሲደክም ካሜራ ይዘጋ፣ ድምፁ ይቀጥላል።

የቲምሱ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ዓመቱን በአንዴ ይከፈል በዪ። ባንክ መስኮት ላይ «የማይታይ ዕቃ ምን ብለን እንክፈል» እየተባሉ በየወሩ መመላለስ ሰው ያዋርዳል። የተጠቃሚውን ብዛትና የወሩን ቁጥር የሚያሳይ ኢንቮይስ አትመሽ ያዢ፣ ንግድ ፈቃዱንም ጨምሪ።

በመጀመሪያው ሳምንት 35ቱንም አታስገቢ። ሰነድ ተቀባዩን፣ ሁለት ዲክላራንት፣ ደወሌና ጅቡቲ ካሉት አንድ አንድ። አምስቱ በቀን ስንት ጊዜ ወደ ቴሌግራም እንደተመለሱ ቁጠሪና ምክንያቱን ጻፊ። ሁለት ቀን በተከታታይ ዜሮ ሲሆን የቀሩትን አስገቢ።